‹ታሰረ› ስንል ምን ማለታችን ነው?



ባለፈው ቅዳሜ ሽሮ ሜዳ ወጥቼ ጎመን ስገዛ ሻጯ «ስንት እስር ላድርግልዎ ጋሼ?» አለችኝ። «ሁለት እስር» አልኳት። ጎመኑን አንስታ ውኃውን እያራገፈች ሳለ፣ አጠገቧ ሽንኩርት የዘረጋችው ሴት ዘንበል አለችና «የእንትና ልጅ እኮ ታሰረ!» አለቻት። የጎመን ሻጯ እጇ ቆመ። «በስመ አብ! ምን አድርጎ?» አለች።

ሁለት እስር ጎመኔን ይዤ ቁልቁለቱን ስወርድ ያ ጥያቄ አብሮኝ ወረደ። «ምን አድርጎ?» ሴትየዋ ክፋት የላትም፤ እኔም ብሆን አፌ ላይ የሚመጣው ይኸው ነበር። ነገር ግን ጥያቄው ፍርዱን ጨርሶ ነው የሚጀምረው። ታሰረ ከተባለ አንድ ነገር አድርጓል፤ የቀረው የጥፋቱን ዓይነት ማወቅ ብቻ ነው። ፍርድ ቤት ቀርቧል ወይ? ክስ ተመሥርቶበታል ወይ? ተፈርዶበታል ወይ? ብሎ የጠየቀ በዚያ ገበያ አልነበረም።

ዕድሜዬን በሙሉ አማርኛ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝ። ሕግ አላጠናሁም። የማውቀው ቃል ነውና ዛሬ ስለዚህ አንድ ቃል ላወራችሁ ነው የመጣሁት። ትናንት ማታ ጣቢያ ያደረውንም፣ ዕድሜ ልክ የተፈረደበትንም እኩል ‹ታሰረ› እንላቸዋለን። ይህ እኩል መባል ብዙ ሰው ጎድቷል ብዬ አምናለሁ፤ እንዴት እንደጎዳ ነው የምነግራችሁ።

እስኪ ከቃሉ እንነሣ። ማሰር በመጀመሪያ የገመድ ሥራ ነው። እዚህ ጉለሌ ላደገ ሰው ደግሞ ቃሉ መልክ አለው። ከእንጦጦ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ለቅመው፣ ከቁመታቸው የሚረዝም እስር እንጨት ተሸክመው፣ ጎንበስ ብለው ወደ ሽሮ ሜዳና ወደ አዲሱ ገበያ ሲወርዱ የኖሩትን እናቶች ያላየ እዚህ የተቀመጠ ሰው ያለ አይመስለኝም። ሸማኔዎቻችንም ድሩ ሲበጠስ ጫፍና ጫፉን አስረው ነው ሥራቸውን የሚቀጥሉት። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን ተረት ሌላው ሰፈር በወሬ ይሰማዋል፤ እኛ ድሩን በየደጃፉ ተወጥሮ እያየን አድገናል። ገበሬ ነዶ ያስራል። እናት ለልጇ ማተብ ታስራለች። በዚህ ሁሉ ውስጥ ጥፋትም ቅጣትም የለም። የሚታሰረው ነገር እንዳይበተን፣ እንዳይጠፋ ነው የሚታሰረው።

ሰው ላይ ሲደርስ ነው ቃሉ የሚከብደው። ይኸው ‹አሰረ› በግእዝም አለ፤ የሩቅ ዘመዶቹ ዓረብኛና ዕብራይስጥም ምርኮኛንና እስረኛን የሚጠሩት ከዚሁ ሥር በወጣ ቃል ነው። ግእዝ ለእስር ቤት ሌላ ስም ነበረው፤ ቤተ ሞቅሕ ይለዋል፣ እስረኛውንም ሙቁሕ። ሞቅሕ ሰንሰለት ነው። አማርኛ ለእስር ቤቱ ስም ይህን ቃል አልወሰደም፤ የወሰደው ገመዱን ነው።

አሁን ደግሞ ገመዱ የሚላላበትን ቃል ተመልከቱ። የታሰረ ሰው ሲወጣ ‹ተፈታ› እንላለን። ነዶውም ይፈታል፣ ነጠላውም ይፈታል፣ ትዳርም ይፈታል፣ ሕልምና እንቆቅልሽም ይፈታል። ምእመን ካህን ፊት ቀርቦ «አባ ይፍቱኝ» ይላል፤ ለሞተ ሰው የሚደረገው ጸሎት ፍትሐት ይባላል። የዚህ ሁሉ እናት ግእዙ ‹ፈትሐ› ነው። ‹ፈትሐ› ሁለት ነገር ነው ትርጉሙ፦ አንደኛው ፈታ፣ ሁለተኛው ፈረደ። ፍትሕ የምንለው፣ ፍትሐ ነገሥት የምንለው ከዚህ ይወጣል። አባቶቻችን መፍረድንና መፍታትን በአንድ ቃል ይጠሩ ነበር።

ይህን መጀመሪያ የተረዳሁ ቀን፣ ወጣት መምህር ሳለሁ፣ መዝገበ ቃላቱን ዘግቼ ለረጅም ጊዜ ዝም ብዬ መቀመጤን አስታውሳለሁ። እንዲህ ከሆነ እኮ ዳኛ የሚባለው ሰው ሥራው ቋጠሮ መፍታት ነው። ፈርዶ ወህኒ ቢያወርድ እንኳ ነገሩን ፈቶታል፤ ታሳሪው ለምን እንደታሰረ፣ እስከ መቼ እንደሚታሰር ያውቃል። ያልተፈረደበት እስረኛ ግን ቋጠሮው ላይ የማንም እጅ የለም።

አሁን አንድ የቆየ ነገር ልንገራችሁ፤ እኔ በግሌ ከሁሉ አብልጬ የማስብበት ነው። ቁራኛ። ዛሬ ቃሉ የቀረን በሁለት አባባል ነው፦ ታሞ የተኛን ሰው የአልጋ ቁራኛ እንለዋለን፤ አንድን ሰው ነቅቶ መጠበቅን ደግሞ በዓይነ ቁራኛ ማየት እንላለን። ከዚህ በታች ጳውሎስ ሆስፒታል ዘመድ ልንጠይቅ ስንሄድ «ይሄው ስንት ጊዜው፣ የአልጋ ቁራኛ ሆኖ ቀረ» እንባባላለን። ሰውየው ከአልጋው ጋር እንደታሰረ ቁጠሩት ማለታችን ነው። ቃሉ ግን አልጋ ጋር ከመድረሱ በፊት ፍርድ ቤት ነበር።

በድሮው ሥርዓት ሁለት ሰዎች ሲካሰሱ፣ ወይም አበዳሪ ባለዕዳውን ሲይዝ፣ ሁለቱ አንድ ላይ ይቆራኙ ነበር። አንዳንድ ጊዜ በሰንሰለት እጅ ለእጅ፣ አንዳንድ ጊዜ የነጠላቸው ጫፍ ለጫፍ ተቋጥሮ። ዳኛው ፊት እስኪቀርቡና ነገሩ እስኪያልቅ አብረው ይሄዳሉ፣ አብረው ይበላሉ፣ አብረው ያድራሉ። በሃያኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ አዲስ አበባን የጎበኙ የውጭ ሰዎች በየመንገዱ ተቆራኝተው የሚሄዱ ባላጋራዎችን አይተው ተገርመው ጽፈዋል፤ ፎቶግራፍም አንስተዋል።

ቁራኛን ላወድሰው አልመጣሁም። የድሃ ባለዕዳ አንገት ላይ የወደቀ ከባድ ነገር ነበር፤ ይመለስልን የሚል ካለም እቃወመዋለሁ። ግን አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ሰንሰለቱ ሁለት ጫፍ ነበረው። ከሳሽም እጁ ታስሯል። ከሳሽ ቤቱ ገብቶ፣ እራቱን በልቶ፣ ነገሩን ረስቶ መተኛት አይችልም፤ ምክንያቱም የከሰሰው ሰው አጠገቡ አለ። ሁለቱም አልተፈረደባቸውም፤ ሁለቱም ፍርዱ እንዲፈጥን ይፈልጋሉ። መንገድ ላይ ያያቸው ሰው «ምን አድርጎ?» ብሎ አይጠይቅም፤ የትኛው ከሳሽ፣ የትኛው ተከሳሽ እንደሆነ በዓይን አይለይምና። የሚጠይቀው «ምን ተካሰሳችሁ?» ብሎ ነው። በእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች መካከል ያለው ርቀት ነው ዛሬ እዚህ ያመጣኝ።

ሌላው ቃል ግዞት ነው። ግዞት እስር ቢመስልም ራሱን የቻለ ነገር ነው፤ ሰውን ከሰው አርቆ፣ አንድ ቦታ አስቀምጦ፣ ጊዜ ሳይወስኑ መተው ነው። ከአዲሱ ገበያ ተነሥቶ በሱሉልታ የሚያልፈውን የጎጃም መንገድ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ያ መንገድ ከመቶ ኪሎ ሜትር ጥቂት አልፎ ፍቼ ያደርሳል። ልጅ ኢያሱ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ወርደው፣ በ1913 ተይዘው፣ በፍቼ በራስ ካሣ ኃይሉ ጥበቃ ሥር ዓመታት ተቀምጠዋል። በ1924 አመለጡ፤ ተይዘውም ወደ ሐረርጌ፣ ወደ ጋራ ሙለታ ተወሰዱ፤ በ1928 እዚያው እንዳሉ አረፉ። በወርቅ ሰንሰለት ታስረው ነበር ይባላል። ሕዝቡ ይህን የወርቅ ሰንሰለት ነገር ሲያወራ ስንት ዘመኑ! ወርቅ ይሁን ብረት፣ የጊዜ ልክ ያለው የዳኛ ፍርድ አልነበረውም። ግዞት ማለት ይኸው ነው።

ግዞት ባሕር ማዶም ተሻግሯል። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ጭፍጨፋ በኋላ ፋሺስቱ ጣሊያን መኳንንቱን ወደ አዚናራ ደሴት፣ ሌላውን ሕዝብ በሶማሊያ ወደ ነበረው ዳናኔ አጋዘ። ራስ እምሩ በፖንዛ ደሴት ተግዘው ነበር። ሙሶሊኒ በ1935 ዓ.ም. ከሥልጣን ሲወርድ የራሱ አገር ሰዎች ይዘው ለጥቂት ቀናት ያስቀመጡት በዚያችው ደሴት ላይ ነበር።

የእስር ቤቶቹን ስም በፍጥነት ልለፈው፤ ብዙ ተብሎበታል። ወህኒ የምንለው በጎንደር ዘመን የነገሥታት ልጆች ዙፋን እንዳይሻሙ ይጠበቁበት ከነበረው ከወህኒ አምባ ጋር ይያያዛል። ጋዜጠኞች «ዘብጥያ ወረደ» ሲሉ የሚጠቀሙበት ቃል ከቱርኮች የጸጥታ ኃይል መጠሪያ የመጣ ነው። ከርቸሌ የጣሊያንኛው ‹ካርቸሬ› ነው። የከርቸሌ ሌላ ስሙ ዓለም በቃኝ ነበር፤ መነኩሴ በፈቃዱ የሚለውን ቃል እስረኛ ሳይወድ እንዲለው የተደረገበት ቤት። ቤቱ ዛሬ የለም። በ1990ዎቹ ማብቂያ ተዘግቶ ፈረሰ፤ በቦታው ጥር 2004 ዓ.ም. የአፍሪካ ኅብረት ዋና መሥሪያ ቤት ተመረቀ። አንድ ነገር ብቻ እዚህ ጋ ቆሜ ልናገር። ኅዳር 14 ቀን 1967 ሌሊት በዚያ ግቢ ወደ ስድሳ የሚሆኑ የቀድሞ ባለሥልጣናት ሲረሸኑ፣ ከመካከላቸው ሁለት የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትሮች፣ አክሊሉ ሀብተ ወልድና እንዳልካቸው መኰንን ነበሩ። ጉዳያቸውን የሚያጣራ መርማሪ ኮሚሽን ተቋቁሞ ሥራ ላይ ነበር። ፍርድ ቤት ግን አልቀረቡም። ጥፋት ነበረባቸው አልነበረባቸውም የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አላለቀም፤ የሚያልቅበት ችሎት ተከልክሏልና።

ከዚያ በኋላ እስር ወደ እያንዳንዳችን ሰፈር መጣ። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም.፣ በቀይ ሽብር ጊዜ፣ ሰው የሚታሰረው ከርቸሌ ሄዶ ብቻ አልነበረም። ቀበሌ ይታሰር ነበር፣ ከቀበሌው በላይ በነበረው ከፍተኛም ይታሰር ነበር። ትናንት ስኳርና ጨው የተሸመተበት ግቢ ዛሬ የልጅህ እስር ቤት ነው። የእኛ ሰፈር እናቶች የዚያን ጊዜ የተማሩት አንድ ቃል አለ፤ ስንቅ። ስንቅ ድሮ የመንገደኛና የዘማች ነበር። ያኔ የእስረኛ ሆነ፤ ዛሬም የእስረኛ ነው። እናት በጠዋት ምሳ ዕቃ ይዛ በሩ ላይ ትሰለፋለች። ምሳ ዕቃው ባዶውን ሲመለስ ልጇ አለ ማለት ነው። ምግቡ ሳይነካ፣ ወይም ከልብሱ ጋር ሲመለስ፣ ማንም ምንም ሳይነግራት ትረዳዋለች። በዚያ ሰልፍ ቆመው ከነበሩት አንዳንዶቹ ዛሬ እዚህ ተቀምጠዋል፤ አቀርቅረው አይቻቸዋለሁና ከዚህ በላይ አልናገርም።

ወደ ሕጉ ልምጣ። እኔን ያስደነቀኝ የሕጉ አማርኛ ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ‹ታሰረ› በሚለው አንድ ቃል አልረካም፤ ለያይቶታል። አንቀጽ 19 ስለ ተያዙ ሰዎች ነው። አንቀጽ 20 ስለ ተከሰሱ ሰዎች ነው። አንቀጽ 21 በጥበቃ ሥር ስላሉና በፍርድ ስለታሰሩ ሰዎች ነው። በሦስት ደረጃ ላይ ያሉ ሦስት ሰዎች። የተያዘው ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፤ ከተያዘበት ቦታ ወደ ችሎቱ ለመድረስ በአግባቡ የሚፈጀው ጊዜ አይቆጠርም። የተከሰሰው ሰው እስኪፈረድበት ድረስ እንደ ጥፋተኛ አይቆጠርም። የታሰረው ደግሞ፣ ተፈርዶበትም ቢሆን፣ ክብሩ ተጠብቆ መያዝ፣ ከትዳር ጓደኛው፣ ከዘመዱ፣ ከወዳጁ፣ ከሃይማኖት አባቱ፣ ከሐኪሙና ከጠበቃው ጋር መገናኘት መብቱ ነው።

የወንጀል ሕጉም ቃል ይመርጣል። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ጀምሮ የሚሠራበት ሕግ እስራትን ቀላልና ጽኑ ብሎ ይከፍለዋል። ቀላል እስራት ከ10 ቀን እስከ 3 ዓመት ነው፤ በአንዳንድ ሁኔታ እስከ 5 ይደርሳል። ጽኑ እስራት ከ1 ዓመት እስከ 25 ዓመት ነው፣ ከዚያም ዕድሜ ልክ። የተፈረደበት ሰው ከቅጣቱ ሁለት ሦስተኛውን ከፈጸመና ጠባዩን ካሳመረ በአመክሮ ሊፈታ ይችላል። አያችሁ፣ ፍርደኛ ልኩ ይታወቃል። ቀን ይቆጥራል። ያልተፈረደበት ግን ምን ይቆጥራል? ቀጠሮ ነው የሚቆጥረው። የ1954ቱ የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ ለምርመራ የሚሰጠው ቀጠሮ በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን እንዳይበልጥ አዟል፤ ስንት ጊዜ መደጋገም እንደሚቻል ግን ያ አንቀጽ ዝም ይላል። «አሥራ አራት ቀን ጨመሩበት» የሚለው አነጋገር የመጣው ከዚህ ነው። በየፍርድ ቤቱ ደጃፍ ሰው ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ «አሥራ አራት ቀን ጨመሩበት» ሲል ሰምቼዋለሁ።

ማረሚያ ቤት የሚለው ስምም አንድ ነገር ያስተምረናል። ማረም የእርሻ ቃል ነው። ገበሬ አረሙን ነቅሎ ስንዴውን ያተርፋል፤ ሲጨርስ ስንዴው ነው ማሳው ላይ የሚቀረው። ታራሚ ብለን የጠራነው ሰው እንግዲህ ስንዴው ነው ማለታችን ነው፤ አረሙ ሥራው ነው። ስሙን የመረጡ ሰዎች ይህን አስበው ከሆነ ጥሩ አስበዋል። ግን የሚታረም ጥፋት እንዳለ በፍርድ ያልተረጋገጠበት ሰው ታራሚ ሊባል አይችልም። ብዙ ጊዜ ይባላል። በራድዮም «ተጠርጣሪዎቹ በቁጥጥር ሥር ዋሉ» ተብሎ ተጀምሮ፣ ዜናው ሳያልቅ «ወንጀለኞቹ» ሆነው ይደመደማሉ።

ቃል ምን ያደርጋል? የሚል ሊኖር ይችላል። ጥሩ ስም ያወጡለት ግንብ አይፈርስም፤ እውነት ነው። ደጉንም ክፉውንም ስም ያየ ታሳሪ ይህን ከእኔ በላይ ያውቃል። እኔ ግን ከግንቡ ውጭ ስላለው እስር ነው የምናገረው፤ እሱን የምንገነባው እኛ ነን።

አንድ ተማሪ ነበረኝ፤ ጎበዝ፣ ጽሑፉ የሚያምር። ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ ይዞ ሳለ ከብዙ ልጆች ጋር ተይዞ ሰነበተ፤ ክስ ሳይመሠረትበት ተለቀቀ። ሲመለስ መሥሪያ ቤቱ ቦታው በሌላ ሰው መያዙን ነገረው። ሌላ ሥራ ሲፈልግ ተያዥ ጥራ አሉት፤ ትናንት ሊዋሱት የሚችሉ ዘመዶች ሁሉ ሥራ በዛባቸው። ሊያገባት ወደፈለጋት ልጅ ቤትም ሽማግሌ ሆነን ሄደን ነበር። የልጅቷ ቤተሰብ በትሕትና ተቀበሉን፣ ጠላም ቀዱልን፤ ከዚያ የቤቱ አባት «ታስሮ ነበር ሲባል ሰማን» አሉ። ተይዞ ነበር፣ ክስም አልነበረበትም አልኳቸው። «እሱስ አዎ፣ ግን ታስሮ ነበር» አሉኝ። ሰውየው ጨካኝ አልነበሩም። የሚለዩበት ቃል አጡ። እኔ የቋንቋ መምህር ሆኜ ከዚያ ቤት የወጣሁት ቃል አጥቼ ነው።

ወደ ጀመርኩበት ቅዳሜ ልመለስ። ጎመኔን ይዤ ወደ ቤቴ አልገባሁም። ታሰረ የተባለው ልጅ እናት የማውቃቸው ሰው ናቸው፤ ከሩፋኤል ቤተ ክርስቲያን መልስ ብዙ ጊዜ አብረን ወርደናል። በራቸውን አንኳኳሁ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወጡ። ምን ብዬ እንደምጀምር አላውቅም ነበርና አፌ የለመደውን አወጣ፤ «እትዬ፣ ልጅዎ ታሰረ ሲሉ ሰምቼ ነው» አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። «አልታሰረም» አሉ። «ተይዟል። ማክሰኞ ቀጠሮ አለው።»

አንድ ቃል ጨምሬ አልተናገርኩም። ወደ ውስጥ ገባን። ለስንቅ የሚሆን ምን እንደሚሠሩ እያሰቡ ነበር፤ ልጁ ጾመኛ ነው፣ የሚበላው ተመርጦ ነው። ሁለቱን እስር ጎመን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ቢላዋ አመጡ፣ ማሰሪያውን ፈቱት፣ ተቀምጠን አብረን መቀንጠስ ጀመርን።